ከመዋጡ በፊት፦ ለውሾችና ለድመቶች በአፍ ስለሚሰጡ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች

(በፋኩልቲው አዳራሽ የቀረበ የሕዝብ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ከጥንቱ ጀምሮ ያተኮረው በከብት፣ በበግና በፍየል፣ በግመልና በዶሮ ላይ ነው። የሕዝቡ ኑሮ በእነርሱ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ይህ ተገቢ ነበር። ከዚህ የተነሣ አንቲባዮቲክ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታየን መርፌ ነው። በሬው ይታሰራል፤ ሐኪሙ ይወጋል፤ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት መግባቱን በዓይኑ አይቶ ይሄዳል። በውሻና በድመት ሕክምና ግን ሐኪሙ ትእዛዝ ይጽፋል እንጂ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ5 ወይም ለ14 ወይም ለ28 ቀን መድኃኒቱን የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው፦ የቤት እመቤት፣ ዘበኛ፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ። ሕክምናው የሚካሄደው በክሊኒክ ሳይሆን በጓዳና በግቢ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የመድኃኒቶችን ዝርዝር አላነብላችሁም፤ እርሱን ከመማሪያ መጻሕፍት ታገኙታላችሁ። ማስረዳት የምፈልገው በአፍ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ መሳካቱም ሆነ መክሸፉ በአመዛኙ የሚወሰነው ክኒኑ ከመዋጡ በፊት መሆኑን ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «የትኛው መድኃኒት?» የሚለው አይደለም። «በእርግጥ ባክቴሪያ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ዘለን የምናልፍበትን አንድ የተለመደ ጉዳይ እንመልከት። የ4 ዓመት ወንድ ድመት ነው። ባለቤቱ፣ «ሽንቱን ይቸገራል፤ ቶሎ ቶሎ ይቀመጣል፤ ጠብታ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ደም አለበት» ይላሉ። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይባላል፤ አንቲባዮቲክም ይታዘዛል። እጃችንም ወዲያው ወደ አሞክሲሲሊን ይዘረጋል። በወጣትና በመካከለኛ ዕድሜ ባሉ ድመቶች ግን ለዚህ ምልክት ባክቴሪያ መንሥኤ ሆኖ የሚገኘው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። በአብዛኞቹ የፊኛው ብግነት ከጭንቀት፣ ከአኗኗርና ከውኃ ማነስ ጋር የተያያዘ፣ ተህዋስ የሌለበት ሕመም ነው። በሌሎቹ ደግሞ ጠጠር ወይም የሽንት መውጫውን የዘጋ ደለል ይገኛል። ተህዋስ የሌለበት ብግነት ብዙ ጊዜ በሳምንት ገደማ ውስጥ በራሱ ይረግባል። እንግዲህ አሞክሲሲሊኑ የተሰጠው በዚያው ሳምንት ከሆነ ድመቱ «በመድኃኒቱ» ዳነ ይባላል፤ ሐኪሙም ባለቤቱም ያልሆነ ትምህርት ይማራሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ባለቤቱ ሐኪም ሳያማክሩ ያንኑ መድኃኒት ከመድኃኒት ቤት ይገዛሉ። የዚያን ዕለት የድመቱ የሽንት መውጫ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከሆነ ክኒን እየተሰጠው በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል። የሆድ ዕቃውን በእጅ ዳስሶ ፊኛው እንደ ብርቱካን ጠጥሮ መወጠሩን ማረጋገጥ ግን ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።

በአንጻሩ ከ10 ዓመት በላይ የሆናት፣ ኩላሊቷ የደከመ ድመት ተመሳሳይ ምልክት ብታሳይ የባክቴሪያው ዕድል በእጅጉ ይጨምራል። ሴት ውሻ ላይም እንዲሁ ባክቴሪያ የተለመደ ነው። አንድ ዐይነት ምልክት በእንስሳው ዝርያ፣ ዕድሜና ጾታ ልዩ ልዩ ትርጉም ይይዛል ማለት ነው።

ሌሎቹን ጉዳዮች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። አጣዳፊ ተቅማጥ የያዘው፣ ነገር ግን ንቁ የሆነና ትኩሳት የሌለው ውሻ ብዙውን ጊዜ ሜትሮኒዳዞል አያስፈልገውም፤ ፈሳሽና የሚስማማ ምግብ ይበቃዋል። በፓርቮ ቫይረስ የተያዘ ቡችላ አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ቫይረሱን ለመግደል አይደለም። የአንጀቱ ልባስ ስለተጎዳና ነጭ የደም ሕዋሳቱ ስላሽቆለቆሉ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ደሙ እንዳይዘልቅ ነው፤ ስለሚያስመልሰውም በመርፌ እንጂ በአፍ አይሰጠውም። በተላላፊ የውሾች ሳል ወይም በድመቶች ጉንፋን ረገድ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ትኩሳት፣ ድካምና የምግብ እምቢታ ከሌለ እስከ 10 ቀን ድረስ ያለ አንቲባዮቲክ መጠበቅ እንደሚቻል ያስረዳል።

ቆዳ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፤ በውሻ ሕክምና ብዙ አንቲባዮቲክ የሚባክነው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁና። የውሻ የቆዳ ኢንፌክሽን ዋነኛ መንሥኤ ስታፊሎኮከስ ሱዶኢንተርሚዲየስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩ ጽሑፎች ስታፊሎኮከስ ኢንተርሚዲየስ ተብሎ ታገኙታላችሁ። በጤነኛ ውሻ አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል። ወደ በሽታ የሚለወጠው ሌላ ነገር በር ሲከፍትለት ነው፦ ቁንጫ፣ እከክ፣ አለርጂ፣ የሆርሞን መዛባት። በሩን ሳንዘጋ ክኒን ብንሰጥ ቁስሉ ይደርቃል፤ ከወር በኋላ ይመለሳል፤ እንደገና ክኒን እንሰጣለን። በእያንዳንዱ ዙር የሚተርፈው ባክቴሪያ ከቀድሞው የጠነከረው ነው። ሜቲሲሊንን የተላመደው የዚህ ባክቴሪያ ዐይነት በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። እርሱ ደግሞ በእጃችን ያሉትን የፔኒሲሊንና የሴፋሎስፖሪን ክኒኖች ከሞላ ጎደል በሙሉ ዋጋ ያሳጣቸዋል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ስላይድ ቁስሉ ላይ ተጫኑ፤ አቅልሙ፤ በማይክሮስኮፕ እዩ። ኒውትሮፊሎችና በውስጣቸው የተዋጡ ክብ ባክቴሪያዎች ከታዩ ኢንፌክሽን ነው። እርሾ ብቻ ከታየ አንቲባዮቲክ ዋጋ የለውም። ይህ ምርመራ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፤ ወጪውም ከአንድ ሳምንት ክኒን ያነሰ ነው። ኢንፌክሽኑ ላይ ላዩን ከሆነና ሰፊ ካልሆነ በክሎርሄክሲዲን ማጠብ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይፈውሳል፤ ያን ጊዜ የሚዋጥ ነገር ጨርሶ አያስፈልግም።

ባክቴሪያ መሆኑ ከተረጋገጠ ቀጣዩ ጥያቄ መድኃኒቱ ባክቴሪያው ካለበት ስፍራ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። አሞክሲሲሊን በኩላሊት በኩል ሳይለወጥ ስለሚወጣ በሽንት ውስጥ ያለው ክምችት በደም ውስጥ ካለው እጅግ የበለጠ ነው። ለተራ የፊኛ ኢንፌክሽን መልካም ምርጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው መመሪያም ሕክምናውን ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ አድርጎታል። ነገር ግን ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ የሽንት ኢንፌክሽን ሲይዘው ባክቴሪያው በፕሮስቴት ዕጢው ውስጥ መሸጉን መጠርጠር ይገባል። አሞክሲሲሊን የፕሮስቴትን ግርዶሽ በሚገባ አያልፍም፤ ትራይሜቶፕሪምና ፍሎሮኩዊኖሎኖች ግን ያልፋሉ፤ ሕክምናውም ሳምንታት ይወስዳል። ድመት በድመት ተነክሳ መግል የቋጠረ እብጠት ሲኖራት ደግሞ ዋናው መድኃኒት ምላጭ ነው። መግሉ ካልፈሰሰ የትኛውም ክኒን ወደ መካከሉ አይዘልቅም። ከፈሰሰ በኋላ ግን ከድመት አፍ የሚመጡት ፓስቸሬላና አየር የማይሹ ባክቴሪያዎች በተራው አሞክሲሲሊን ይሸነፋሉ።

አሁን ወደ መዋጡ ራሱ እንምጣ። በሙያችን ውስጥ እጅግ የተዘነጋው ክፍል ይህ ይመስለኛል።

ዶክሲሳይክሊንን ውሰዱ። በየመድኃኒት ቤቱ ይገኛል፤ ርካሽ ነው፤ በቡናማ የውሻ መዥገር የሚተላለፈውን ኤርሊኪያ ካኒስ ለማከም ተመራጩ መድኃኒት ነው፤ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም በቀን፣ ለ28 ቀን። ሰው የሚወስደው 100 ሚሊ ግራም ካፕሱል ለ10 ኪሎ ውሻ ልክ ነው። ይኸው ካፕሱል ለድመት ሲሰጥ ግን ሁለት ችግር ይመጣል። የመጀመሪያው የመጠን ነው፤ 3 ኪሎ ተኩል የምትመዝን ድመት በቀን የሚያስፈልጋት 35 ሚሊ ግራም ሲሆን የካፕሱል ዱቄት በዓይን ግምት ሊከፈል አይችልም። ሁለተኛው የባሰ ነው። የዶክሲሳይክሊን ሃይክሌት ጨው ሲሟሟ ኃይለኛ አሲድ ነው። የድመት የምግብ ቧንቧ ደግሞ ደረቅ ክኒንን ወደ ጨጓራ ለማውረድ ዳተኛ ነው፤ ያለ ውኃ የተዋጠ ክኒን አንገት አካባቢ ለብዙ ደቂቃዎች ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። በተጣበቀበት ስፍራ ሥጋውን ያቃጥላል። ድመቷ በዚያ ዕለት ምንም ላትመስል ትችላለች። ከቀናት በኋላ ግን ቃጠሎው ጠባሳ እየሠራ ቧንቧው ይጠብባል፤ ድመቷ የዋጠችውን ሁሉ ሳይፈጭ መልሳ ታወጣለች። ሠፊ መሣሪያ ባለበት አገር በኢንዶስኮፕ ደጋግሞ በማስፋት ይታከማል። እኛ ጋ እንዲህ ያለች ድመት ብዙ ጊዜ በረሃብ ትሞታለች። የምትሞተው ከበሽታዋ ሳይሆን ከሕክምናዋ ነው።

መከላከያው 6 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው። ክኒኑ እንደተዋጠ ወዲያው መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በከንፈሯ ጎን ቀስ እያሉ ማጠጣት፤ ወይም ለስላሳ ምግብ ማስከተል። ክሊንዳማይሲንም ተመሳሳይ ጉዳት ስለሚያደርስ ይኸው ይሠራለታል። ትእዛዝ ስትጽፉ «በውኃ» የምትለዋን ቃል አትዝለሉ፤ ለባለቤቱም ሲሪንጁን በእጃቸው አስይዛችሁ አሳዩአቸው።

ባለቤቶች ክኒኑን በወተት መስጠት ይቀናቸዋል። ድመት ወተት ትወዳለችና የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የወተት ካልሲየም ቴትራሳይክሊኖችንና ፍሎሮኩዊኖሎኖችን እያሰረ ወደ ደም እንዳይገቡ ያግዳል፤ መድኃኒቱ ተውጦ እንዳልተዋጠ ይሆናል። በቁራጭ ሥጋ መጠቅለል የተሻለ ነው። እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር ማሰብ አለብን፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ በብዙ ቤት ሥጋ አይገባም፤ ውሻውም ከቤቱ ጋር ይጾማል ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ክኒኑን በሽሮ ወጥ በራሰ እንጀራ ይጠቀልላሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን፣ ይበልጡንም የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚሰብሩ መሆናቸውን ልንነግራቸው ይገባል፤ ለ28 ቀን በየዕለቱ ሲደጋገም ቀላል ነገር አይደለም። ወጥ ያልነካው የራሰ ዳቦ ወይም የተቀቀለ ድንች ሥራውን ይሠራል። አምፒሲሊን በባዶ ሆድ የሚሰጥ መሆኑንም አስታውሱ፤ አሞክሲሲሊን ግን ከምግብ ጋር ቢሰጥ አይከፋውም።

የሰው መድኃኒት ለእንስሳ መስጠታችን አይቀርም፤ ለውሻና ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ ክኒን ሁልጊዜ አይገኝም። ስለዚህ አሰጣጡን ማወቅ ይገባናል። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተቀላቀለበትን ክኒን እንውሰድ። 625 ሚሊ ግራም የሚባለው 500 በ125 ነው፤ ማለትም 4 ለ1፤ የእንስሳቱ ዝግጅትም ይህንኑ ምጣኔ የያዘ ነው። 1 ግራም የሚባለው ግን 875 በ125፣ 7 ለ1 ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ መከፋፈል ክላቩላኒክ አሲዱን ያሳንሰዋል። ለ20 ኪሎ ውሻ በኪሎ 12.5 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው 250 ሚሊ ግራም በ12 ሰዓት ልዩነት ስንፈልግ የ625ቱ ግማሽ ጥቂት ብቻ የሚበልጥና ተቀባይነት ያለው መጠን ነው። ክላቩላኒክ አሲድ እርጥበት ስለሚያበላሸው የተቆረጠውን ግማሽ በወረቀት ጠቅልሎ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ መድኃኒቱን መጣል ነው። የሕፃናት ሽሮፕ ለድመት ይመቻል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ቀዝቃዛ ስፍራ ይፈልጋል። ለውሻ ሽሮፕ ከመስጠታችሁ በፊት ማጣፈጫው ዛይሊቶል አለመሆኑን ከመለያው ላይ አንብቡ፤ ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በድንገት ይጥላል፤ ጉበቱንም ይጎዳል።

ሚዛን የለንም የሚለውን ምክንያት ደግሞ አልቀበልም። ባለቤቱ ውሻውን አቅፈው በሰው ሚዛን ላይ ይቁሙ፤ ከዚያ ብቻቸውን ይቁሙ፤ ቀንሱ። በግምት የሚሰጥ መጠን አደጋው በሁለቱም በኩል ነው። ካነሰ ባክቴሪያውን ያለማምዳል። ሲበዛ የሚያደርሰውን ጉዳት በኤንሮፍሎክሳሲን ማየት ይቻላል፦ ውሻ በኪሎ ከ5 እስከ 20 ሚሊ ግራም ሲሰጠው ድመት ግን በቀን ከ5 ሊያልፍ አይገባም። ከዚያ ካለፈ ሬቲናዋን አጥፍቶ ለዘለቄታው ሊያሳውራት ይችላል፤ መድኃኒቱን ከዓይን ውስጥ መልሶ የሚያስወጣው ፕሮቲን በድመቶች ዘንድ በሚገባ አይሠራምና። ድመትን ትንሽ ውሻ አድርጎ ማሰብ የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ክኒን ማዋጥ ጣትን ወደ አፍ ማስገባት ነው። እኛ ያለነው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ የሰው ሕይወት በሚቀጥፍበት አገር ነው። የበሽታው ጸጥተኛ መልክ ውሻውን አያናክሰውም፤ መንጋጋው ይንጠለጠላል፤ ለሐጩ ይዝረከረካል፤ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብለው ይመጣሉ። ክትባቱ ያልተረጋገጠ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ፤ ባለቤቱም ክኒን ሊያውጡት እንዳይሞክሩ ከልክሏቸው። አስቀድመው እጃቸውን አስገብተው እንደሆነም ጠይቁ፤ አስገብተው ከሆነ ቁስል ቢኖርም ባይኖርም እጃቸውን በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥበው በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ስለ ሕክምናው ርዝመት የተማርነው ነገር እየተለወጠ ነው። እኔ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ረጅም ኮርስ ጥንቃቄ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ዛሬ የምናውቀው ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን በአንጀትና በቆዳ ላይ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ጭምር የሚፈትን መሆኑን ነው። ላይ ላዩን ለሆነ የቆዳ ኢንፌክሽን ክኒን አስፈላጊ ከሆነ የ2 ሳምንት ሰጥቶ፣ ከማለቁ በፊት እንስሳውን ዳግም አይቶ መወሰን ከጅምሩ የ6 ሳምንት ከመጻፍ ይሻላል። ሽንት ላይ ባክቴሪያ ተገኝቶ እንስሳው ምንም ምልክት ከሌለው በአብዛኛው መድኃኒት አይሰጠውም። ይህ ማለት ግን ባለቤቱ ውሻው ስለተሻለው ብቻ የኤርሊኪያውን 28 ቀን በ9ኛው ቀን ያቋርጡ ማለት አይደለም። የተለያዩ በሽታዎች የተለያየ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ቁጥሩን የሚወስነው ማስረጃው እንጂ የካርቶኑ መጠን መሆን የለበትም።

በዚህ አዳራሽ የሰው ሕክምና ባልደረቦቻችንም ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ፍሎሮኩዊኖሎኖችንና የሦስተኛ ትውልድ ሴፋሎስፖሪኖችን የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው ሕክምና እጅግ ወሳኝ ከሆኑት መካከል መድቧቸዋል። ውሻ ከልጆች ጋር ይጫወታል፤ ድመት አልጋ ላይ ትተኛለች፤ ባክቴሪያዎቻቸውም በሁለቱም አቅጣጫ ይሸጋገራሉ። ስለዚህ እነዚህን መድኃኒቶች የምናነሣው ሌላው እንደማይሠራ በካልቸር ሲረጋገጥ ወይም እንደ ፕሮስቴቱ ያለ ግልጽ ምክንያት ሲኖር ብቻ ይሁን።

የካልቸር አገልግሎት በየስፍራው እንደማይገኝ አውቃለሁ። ቢሆንም የመጀመሪያው ሕክምና ሲከሽፍ ሁለተኛውን በጭፍን መለወጥ ከሁሉ የከፋ አማራጭ ነው። በመጀመሪያ ባለቤቱን ሳትገሥጹ ጠይቁ፦ ስንት ክኒን ቀረ? ተፍቶት ያውቃል? በምን ነበር የሚሰጡት? ብዙ ጊዜ «መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ» የተባለው ከሶፋ ሥር ተፍቶ የተገኘ ክኒን ነው። መድኃኒቱ በትክክል ተሰጥቶ ከሆነ ሽንቱን ከፊኛው በቀጥታ በመርፌ ቅዱ፤ በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ በማቀዝቀዣ አቆዩ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልቸር ወደሚሠራ ላብራቶሪ ላኩ። ላብራቶሪው ሩቅ ከሆነ ቢያንስ የግራም ቀለም ምርመራ ሠርታችሁ ክብ ይሁን ዘንግ ለዩ፤ ይህ ብቻውን የምርጫውን ግማሽ ያጠብባል።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ከኋላ ወንበር እጃቸውን ያነሡ አሉ፤ ከእነርሱ እንጀምር።